ለአእምሮ ሕክምና የሠለጠነች ነርስ ወደ ገጠር ትድረስ፤ ስትደርስም ትቆይ

መርካቶ የገጠሩ ሕዝብ ከከተማው ጋር የሚገናኝበት ሰፊ በር ነው። ጤፉ፣ ስንዴውና ባቄላው በእህል በረንዳ ይራገፋል፤ ቅቤው፣ ማሩና በርበሬው በየተራው ይሸጣል፤ ማረሻው፣ ዶማው፣ ቆርቆሮውና የልጆች ደብተሩ ከዚያው ተሸምቶ ወደየወረዳው ይመለሳል። የገበሬ ማኅበራት መሪዎችም ብትሆኑ ለማኅበራችሁ ወይም ለቤታችሁ ጉዳይ ወደ አዲስ አበባ በመጣችሁ ቁጥር አውቶቡስ ተራን ሳትረግጡ፣ በመሳለሚያ ሳታልፉ የምትመለሱበት ጊዜ ጥቂት ነው። ነገር ግን ከዚሁ ገበያ አጠገብ፣ በአዲስ ከተማ ክፍለ ከተማ ውስጥ፣ ገጠሩ ከእህልና ከቅቤ ሌላ የሆነ ሸክሙን ይዞ የሚመጣበት አንድ ግቢ አለ። ይኸውም የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል ነው።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የጤፍ ዋጋ ለማጣራት በእህል በረንዳ በነበረበት አንድ ማለዳ፣ ከሰሜን ሸዋ ቆላ የመጡ አንድ አዛውንት ገበሬ ዕድሜው ሃያ ዓመት የሚሆን ልጃቸውን በክንዱ ይዘው ጠጋ አሉና፣ «ልጄ፣ አማኑኤል በየት በኩል ነው? ቤተ ክርስቲያኑን አይደለም፤ ሐኪም ቤቱን ነው» ሲሉ ጠየቁ። «ቅርብ ነው አባባ፤ አብረን እንሂድ» ተብለው መንገድ ጀመርን። ልጁ ሲራመድ በቁርጭምጭሚቱ ዙሪያ የገመድ ጠባሳ ይታያል። አባትየው ዓይናችን ወደዚያ መሄዱን አይተው፣ «ያሰርኩት እኔው ነኝ፤ አትፍረድብኝ። ሌሊት ተነሥቶ ወደ ገደሉ ይሄዳል። እኔና እናቱ ተራ እየገባን ስንጠብቀው ዓመት ሞላን፤ እርሻውም ዳዋ በላው» አሉ።

ከሁለት በሬያቸው አንዱን ሸጠው መምጣታቸውንም ነገሩን። ከሁሉ ይልቅ ሊጤን የሚገባው ግን ቀጥለው የተናገሩት ነው። በአካባቢያቸው ባለ አንድ ሆስፒታል ለዚህ ሕመም የሠለጠነች ነርስ ነበረች። ልጁ በእርሷ እጅ መድኃኒት ጀምሮ ተሽሎት፣ ሞፈር ጨብጦ አንድ መኸር አርሷል። ነርሷ ወደ ሌላ ሥራ ስትዛወር ግን ክፍሉ ተዘጋ፤ መድኃኒቱ ተቋረጠ፤ ሕመሙም ተመለሰ። «የጠፋው መድኃኒቱ ብቻ አይደለም፤ የሚያውቅልን ሰው ነው የጠፋው» ነበር ያሉት።

እንግዲህ የዛሬው ርእሳችን ይኸው የጠፋ ሰው ነው። ነርሶችን ከአጠቃላይ ሕክምና ወደ አእምሮ ሕክምና የሚያሸጋግረው ከፍ ያለ ሥልጠና ለገጠሩ ሕዝብ ምን እንደሚጠቅም፣ ሥልጠናው ብቻውንስ ለምን እንደማይበቃ፣ የገበሬ ማኅበር መሪዎችም በዚህ ረገድ ምን ድርሻ እንዳላችሁ ማመልከት ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በመጀመሪያ የነገሩን አመጣጥ እንመልከት። አማኑኤል ሆስፒታል በፋሺስት ጣሊያን ወረራ ዘመን የተቋቋመ ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለብዙ አሥርት ዓመታት በመላ አገሪቱ ለአእምሮ ሕሙማን ተብሎ የተለየ ብቸኛው ሆስፒታል ሆኖ ቆይቷል። ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሐረርጌ፣ ከጋሞ፣ ከወለጋ የታመመ ሁሉ የሚመጣው ወደዚሁ ግቢ ነበር። የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ቁጥር ደግሞ በጣት የሚቆጠር ነበር። እነዚህን ጥቂት ሐኪሞች በየክፍለ ሀገሩ በትኖ አገልግሎት ማዳረስ የማይቻል መሆኑ ግልጽ ነው።

ለዚህም መፍትሔ የተገኘው በነርሶች በኩል ነው። በ1979/80 ዓ.ም. በዓለም ጤና ድርጅት እርዳታ በአማኑኤል ሆስፒታል ውስጥ የአንድ ዓመት የሥነ አእምሮ ነርሶች ሥልጠና ተጀመረ። ለሥልጠናው የገቡት አዲስ ተማሪዎች ሳይሆኑ፣ ነርስነትን አስቀድመው ተምረው፣ በሥራ ላይ የቆዩ፣ ቁስል ያጠቡ፣ ወላድ ያዋለዱ፣ ወባና ሳንባ ነቀርሳ ያስታመሙ ሰዎች ነበሩ። ሥልጠናውን ሲጨርሱም ሁለት ሁለት እየሆኑ ወደ ክፍለ ሀገር ሆስፒታሎች ተመድበው የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ። ሐኪም በሌለበት ቦታ መርምረው መድኃኒት የሚያዝዙትና የሚከታተሉት እነርሱው ሆኑ። ስለዚህ በአገራችን የአእምሮ ሕክምና ከአዲስ አበባ ወጥቶ ወደ ገጠሩ የመጀመሪያውን እርምጃ የተራመደው በነርሶች እግር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከዚያ ወዲህ የተገኘው መሻሻል ቀላል አይደለም። በጥር 1995 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ በካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ትብብር፣ የሥነ አእምሮ ስፔሻሊስት ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን ተጀመረ። ቀድሞ ለዚህ ትምህርት ወደ ውጭ አገር ይኬድ እንደነበረና ከሄዱትም ያልተመለሱ እንደነበሩ የሚታወስ ነው። የነርሶቹም ሥልጠና በዲፕሎማ ተወስኖ አልቀረም። የሥነ አእምሮ ነርስነት በዲግሪ ደረጃ መሰጠት ጀመረ፤ በጅማና በጎንደር ዩኒቨርሲቲዎችም ነርሶችና ጤና መኮንኖች ሁለት ዓመት ተምረው በተቀናጀ ክሊኒካዊና ማኅበረሰብ አቀፍ የአእምሮ ጤና ሁለተኛ ዲግሪ የሚያገኙበት ትምህርት ተከፈተ። የጎንደሩ ትምህርት ከአማኑኤል ሆስፒታል ጋር በመተባበር የተጀመረ ነው። በ2005 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው የመጀመሪያው ብሔራዊ የአእምሮ ጤና ስትራቴጂም አገልግሎቱ ከሆስፒታል ወርዶ በየጤና ጣቢያው እንዲዳረስ አቅጣጫ ሰጥቷል።

በሌላ አነጋገር፣ ሥልጠናው አለ፤ ትምህርት ቤቱም አለ። የቀረው ጉዳይ ማን ይሄዳል፣ የት ይመለሳል፣ ሲመለስስ ምን ያገኛል የሚለው ነው።

አንዳንድ የማኅበር መሪዎች፣ «እኛ ማዳበሪያና ምርጥ ዘር እንፈልጋለን፤ የነርስ ሥልጠና ከእኛ ጋር ምን ያገናኘዋል?» ትሉ ይሆናል። መልሱን ከራሳችሁ ቀበሌ ታገኙታላችሁ። በሬ ሲታመም ለእንስሳት ጤና ባለሙያ በሌሊት የሚሮጠው ገበሬ፣ ልጁ ብቻውን መናገር ሲጀምር ወደ ጓዳ ያስገባዋል። ላም ስትነጥፍ ምክንያቱን የሚጠይቀው ጎረቤት፣ የወለደች ሴት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ልጇን አላጠባም ስትል «ዛር ነው፣ ይለቃታል» ብሎ ያልፋል። አባወራው እንቅልፍ አጥቶ፣ ምግብ ጠልቶ፣ ወገቡንና ራሱን እያለ እርሻው ሲያድር፣ «ሰነፈ» ይባላል እንጂ «ታመመ» አይባልም። የሚጥል በሽታ ያለበት ልጅ እሳት ላይ ሲወድቅ፣ በሽታው ይጋባል ተብሎ የሚያነሣው ሰው የሚጠፋበት ቀበሌ ዛሬም አለ። የሚጥል በሽታ ግን ከሰው ወደ ሰው የማይተላለፍ፣ በየቀኑ በሚዋጥ ዋጋው ባልከበደ ኪኒን አብዛኛውን ጊዜ ሊገታ የሚችል ሕመም ነው። በአገራችን ብዙውን የሚጥል በሽታ ሕክምና ሲሰጡ የኖሩትም እነዚሁ የሥነ አእምሮ ነርሶች ናቸው።

የችግሩን ስፋት ለመገንዘብ ቡታጅራ ላይ የተደረገውን ጥናት ማስታወስ ይበቃል። ከ1990 እስከ 1993 ዓ.ም. ድረስ ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ዓመት የሆነ ከ68 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ቤት ለቤት ተጠይቀው ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ተለይተዋል። አብዛኞቹ ገጠሬዎች ናቸው። ስኪዞፍሬንያ ከሚባለው ከባድ ሕመም ጋር ከሚኖሩት ሰዎች መካከል ከ10ሩ 9ኙ ያህል በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው አያውቁም ነበር። ቡታጅራ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ የምትርቅ ከተማ ናት። በዚያ እንዲህ ከሆነ፣ የመኪና መንገድ ለማግኘት የአንድ ቀን የእግር ጉዞ በሚያስፈልግበት ቀበሌ እንዴት እንደሚሆን መገመት አያዳግትም።

ማሰርም ቢሆን ከጭካኔ የመጣ አይደለም። በሶዶ ወረዳ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት ቤተሰብ ሕመምተኛውን የሚያስረው ሌላ አማራጭ ሲያጣ ነው፤ እንዳይጠፋ፣ ራሱን ወይም ሌላውን እንዳይጎዳ፣ ወደ ሕክምና ቦታ ለመውሰድም ሲል ነው። አሳሪውም አብሮ የታሰረ ነው። አንድ ሰው ሲታሰር ሌላ አንድ ወይም ሁለት ሰው ከእርሻ ቀርቶ ይጠብቀዋል። አንዱን ያጣ ቤት ሦስት እጅ ያጣል ማለት ነው። ስለዚህ ጉዳዩ የጤና ብቻ ሳይሆን የምርትም ጉዳይ ነው።

ከዚህ አኳያ ከፍ ያለ ሥልጠና የወሰደችው ነርስ ከሌላው የጤና ሠራተኛ የምትለይበትን ማወቅ ይጠቅማል። በመጀመሪያ፣ መለየት ትችላለች። በወባ ትኩሳት የሚቃዠውን፣ በአረቄ ወይም በጫት የተናወጠውን፣ የሚጥል በሽታ ያለበትን፣ ከባድ ድባቴ የያዘውንና ስኪዞፍሬንያ ያለበትን ከላይ ሲያዩአቸው ተመሳሳይ ሊመስሉ ይችላሉ፤ ሕክምናቸው ግን ለየቅል ነው። በሁለተኛ ደረጃ፣ መድኃኒቱን ማስተካከል ትችላለች። አንዳንዶቹ መድኃኒቶች በመጀመሪያዎቹ ቀናት አንገት ሊያጠምዙ፣ እጅ ሊያንቀጠቅጡ፣ ለሀጭ ሊያዝረበርቡ ይችላሉ። ይህን ያየ ቤተሰብ «መድኃኒቱ ሊገድለው ነው» ብሎ ያቆመዋል። የሠለጠነችው ነርስ ግን መጠኑን ቀንሳ ወይም ማስታገሻ ጨምራ ችግሩን ታስወግዳለች፤ ኪኒን በየቀኑ መዋጥ ለሚያቅተውም በወር አንድ ጊዜ የሚወጋ መርፌ ታዘጋጃለች። በሦስተኛ ደረጃ፣ መናገርና ማዳመጥ ትችላለች። በድባቴ የተያዘውን ሰው፣ ከእርሱ ጋር የደከመውንም ቤተሰብ በምክር መርዳት ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በአራተኛ ደረጃ፣ ሌሎችን ታሠለጥናለች፤ የጤና ጣቢያ ሠራተኞችን በየወሩ እየዞረች ትደግፋለች።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ብርቱ ክርክር ያለበት በመሆኑ ሰፋ አድርገን ልናየው ይገባል። «የጤና ጣቢያ ነርስና ጤና መኮንን በአጭር ኮርስ የአእምሮ ሕክምና መስጠት ከቻሉ ለምን ሁለት ዓመት ይማራል? ለምንስ ገንዘብ ይፈስሳል?» የሚሉ አሉ። አባባላቸው መሠረት የሌለው አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2001 ዓ.ም. ይፋ ያደረገው ፕሮግራም በአጭር ጊዜ ሥልጠና አገልግሎቱን በጤና ጣቢያ ለማዳረስ የታለመ ሲሆን፣ ኢትዮጵያም ተቀብላ ሥራ ላይ አውላዋለች። በጉራጌ አካባቢ ተካሂዶ ውጤቱ በ2014 ዓ.ም. የታተመው ጥናትም፣ ከባድ የአእምሮ ሕመም ያለባቸው ሰዎች በጤና ጣቢያ በአጭር ጊዜ በሠለጠኑ ሠራተኞች የሚያገኙት ክትትል፣ በሆስፒታል በሥነ አእምሮ ነርሶች ከሚሰጠው እንደማያንስ አሳይቷል። ይህ ለገጠሩ ሕዝብ ታላቅ የምሥራች ነው።

ዳሩ ግን ከዚህ ውጤት የተሳሳተ መደምደሚያ እንዳይወሰድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። የግብርናውን ሥራ አስቡ። የልማት ጣቢያ ሠራተኛው ከገበሬው ጎን ሆኖ የረድፍ አዘራሩን ያሳያል፤ ዋግ ሲገባ ግን፣ ምን ዓይነት ዋግ እንደሆነና ምን እንደሚረጭ በወረዳው ያለውን የሰብል ጥበቃ ባለሙያ ይጠይቃል። የሚጠይቀው ሰው ያጣ የልማት ሠራተኛ ወይ ይገምታል፣ ወይ ዝም ይላል። የጤና ጣቢያውም እንዲሁ ነው። አጭር ኮርስ የወሰደው ሠራተኛ መድኃኒቱ ያልሠራለትን፣ ነፍሰ ጡሯን፣ ራሱን ለማጥፋት የሚያስበውን ሰው የሚያማክርበትና የሚልክበት ባለሙያ ከሌለው ሥልጠናው በወራት ውስጥ ይደበዝዛል። ስለዚህ አጭሩ ሥልጠናና ከፍተኛው ሥልጠና የሚተካኩ ሳይሆኑ የሚደጋገፉ ናቸው። ለብዙ ጤና ጣቢያዎች ጥቂት በደንብ የሠለጠኑ ነርሶች ያስፈልጋሉ፤ እነዚያ ጥቂቶች ግን የግድ ያስፈልጋሉ።

ወደ አዛውንቱ ገበሬ ነገር እንመለስ። ነርሷ ሠልጥና ሄዳለች፤ አገልግሎቱም ሠርቷል። የጠፋው መቆየቱ ነው። ይህ ደግሞ በአንድ ቦታ ብቻ የሚታይ እንዳልሆነ በየወረዳው ስንዘዋወር ተገንዝበናል። የሠለጠነችው ነርስ ሰው አነሰ ተብሎ ወደ ማዋለጃ ወይም ወደ ድንገተኛ ክፍል ትዛወራለች። በአንድ ክፍል ብቻዋን በመሆኗ ስትታመም ወይም ስትወልድ ክፍሉ ይዘጋል። መድኃኒቱ ሲያልቅ በር ላይ የሚጮኸው ቤተሰብ ሁሉ እርሷን ይወቅሳል። የምትከራየው ቤት ይጠፋል፤ ባልደረቦቿም ሳይቀሩ «የእብዶች ነርስ» እያሉ ይቀልዱባታል። በዚህ ሁሉ ተሰላችታ ወደ ከተማ ብትሄድ ጥፋቱን በእርሷ ላይ ብቻ መደፍደፍ ፍትሕ አይሆንም።

ከ2013 ዓ.ም. ጀምሮ በሰሜኑ የአገራችን ክፍል የተካሄደው ጦርነት ያደረሰው ጉዳትም መዘንጋት የለበትም። ቤተሰቡን የቀበረ፣ ከቀየው የተፈናቀለ፣ የተደፈረች፣ እንቅልፍ ያጣ ብዙ ሕዝብ አለ፤ በብዙ ወረዳዎች ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ተዘርፈዋል፣ ፈርሰዋል። ሕንፃው ሲጠገንና አልጋው ሲተካ፣ የተሰበረውን ልብ የሚጠግነው ባለሙያም አብሮ መታሰብ ይኖርበታል።

ታዲያ የገበሬ ማኅበር መሪዎች ምን ልታደርጉ ትችላላችሁ? በእኛ አስተያየት የሚከተሉት ተግባሮች ከአቅማችሁ በላይ አይደሉም።

አንደኛ፣ በወረዳው ምክር ቤትና በጤና ጣቢያው ቦርድ ያላችሁን ድምፅ ተጠቀሙበት። ለከፍተኛ የአእምሮ ሕክምና ሥልጠና የሚላከው ነርስ ከአካባቢው የተገኘ፣ ቋንቋውን የሚናገር፣ ቢያንስ ለጥቂት ዓመታት በጤና ጣቢያ የሠራ፣ ይህንኑ ሙያ በፈቃዱ የመረጠ እንዲሆን ጠይቁ። አንድ ሳይሆን ሁለት ሰው ይላክ፤ ከሁለቱም አንዷ ሴት ብትሆን ከወሊድ በኋላ የሚታመሙ እናቶች ያለ ኀፍረት ይናገራሉ። ከ1980 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ሁለት ሁለት እየሆኑ የተመደቡበት ምክንያት ዛሬም አልተለወጠም።

ሁለተኛ፣ ሠልጥኖ የተመለሰው ነርስ በሠለጠነበት ክፍል እንዲሠራ፣ በሌላ ሥራ እንዳይጠመድ አስቀድሞ በጽሑፍ ይስማማ፤ አሠሪውም እንዲሁ። በዚህ ላይ ማኅበሩ የራሱን ቢጨምር መልካም ነው። ገበሬው በጉልበቱና በገንዘቡ ትምህርት ቤት ሠርቷል፣ መንገድ ጠርጓል፤ ለሁለት ነርሶች መኖሪያ የሚሆን ሁለት ክፍል ቤት ማቆም አያቅተውም።

ሦስተኛ፣ መድኃኒቱ እንዳይቋረጥ ተቆጣጠሩ። ጤና ጣቢያዎች የውስጥ ገቢያቸውን በቦርዳቸው ውሳኔ መድኃኒት ሊገዙበት ይችላሉ። ማዳበሪያ ክረምቱ ሳይገባና መንገዱ ሳይቆረጥ መድረስ እንዳለበት ሁሉ፣ የአእምሮና የሚጥል በሽታ መድኃኒትም ከሰኔ በፊት ለክረምቱ የሚበቃ ሆኖ መግባት አለበት። የሚጥል በሽታ ኪኒን በድንገት ሲቋረጥ ተከታታይ መውደቅ ሊያስከትልና ሊገድል እንደሚችል ለእያንዳንዱ ቤተሰብ መነገር ይኖርበታል።

አራተኛ፣ ሕመምተኛ ያለበት ቤት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ እየተስፋፋ በመጣው የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን መታቀፉን አረጋግጡ። መዋጮውን መክፈል የማይችለውን ድኻ ወረዳው እንዲከፍልለት ስሙን በትክክል ማስመዝገብ የእናንተ ሥራ ነው። ወደ ላይ የሚላክ ሰው የሪፈር ወረቀቱን ይዞ ይሂድ፤ ያለ ወረቀት ቀጥታ ወደ አዲስ አበባ የመጣ ሰው ከመድኑ ተጠቃሚ ላይሆን ይችላልና።

አምስተኛ፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር ሆናችሁ በቀበሌያችሁ ታስረው፣ ተደብቀው ወይም ተጥለው ያሉትን ሰዎች ለይታችሁ እወቁ። ይህ የሚደረገው ለወሬና ለስም ማጥፋት ሳይሆን ለእርዳታ በመሆኑ በጥንቃቄና በምስጢር ይያዝ። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» የሚለው የአባቶች አባባል የሚሠራው ሰሚው ሰው ሲታመን ነው። ከካህናቱና ከሼኾቹም ጋር ተመካከሩ። ጠበልና ዱዓ የሕዝቡ እምነት ነው፤ ማንም «ተው» ሊለው አይገባም። ጠበሉን የሚጠመቀው ሰው መድኃኒቱንም እንዳያቋርጥ የሃይማኖት አባት አንድ ቃል ቢናገር ግን ከብዙ ቅስቀሳ ይበልጣል።

ስድስተኛ፣ ያለንን የመረዳጃ ባህል ለዚህም እናውለው። እድር ለሞተ ሰው ድንኳን ይተክላል፤ ለታመመ ሰው የመሳፈሪያ ቢያዋጣ ድንኳኑ ብዙ ጊዜ ሳይተከል ይቀራል። ሕመምተኛ የሚጠብቅ ቤተሰብ እርሻ በደቦ ቢታረስ፣ አዝመራው በወንፈል ቢታጨድ ያ ቤት በሬውን አይሸጥም። የተሻለውም ሰው ወደ ደቦው ይጠራ፤ በስብሰባም ይቀመጥ፤ «እብድ» የሚለው ቃል ከማኅበሩ አፍ ይውጣ። ሥራ የሚሰጠው ሰው ያገኘ ሕመምተኛ ከመድኃኒቱ ጋር ሌላ መድኃኒት እንዳገኘ ይቆጠራል።

ሰባተኛውና በቀጥታ የእኛን የግብርና ሠራተኞችን ሥራ የሚነካው፣ የፀረ ተባይ ኬሚካል አያያዝ ነው። በዓለም ላይ ራሳቸውን ከሚያጠፉት ሰዎች አምስት እጅ አንዱን ያህል የሚገድለው የእርሻ መርዝ እንደሆነ የዓለም ጤና ድርጅት ይገምታል። ስሪላንካ እጅግ አደገኛ የሆኑትን ኬሚካሎች ደረጃ በደረጃ በማገዷ ከ1995 እስከ 2015 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ባለው ጊዜ ራስን የማጥፋት አደጋ ወደ 70 በመቶ ቀንሷል፤ እርሻውም በዚህ ምክንያት አልወደቀም። ስለዚህ ኬሚካል በየአልጋው ሥር መቀመጡ ይቅር። ማኅበሩ በጋራ ቆልፎ የሚያስቀምጥበት ሳጥን ያዘጋጅ፤ ቁልፉም በአንድ ኃላፊ እጅ ይሁን። የጭንቅ ሰዓት አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፍ ሰዓት ነውና፣ በዚያች ሰዓት መርዙ በቅርብ አለመገኘቱ ሕይወት ያተርፋል።

እነዚህ ሁሉ ተግባሮች የመንግሥትን ድርሻ የሚተኩ አይደሉም። የሥልጠናውን ወጪ መሸፈን፣ ለሠለጠነው ነርስ የሚመጥን የሥራ መደብና ደመወዝ መስጠት፣ መድኃኒቱን በበቂ መጠን አስገብቶ ማከፋፈል የጤና ሚኒስቴርና የክልል ጤና ቢሮዎች ኃላፊነት ነው። ይሁን እንጂ ጠያቂ የሌለው አገልግሎት ቶሎ እንደሚረሳ ከማንም በላይ እናንተ ታውቁታላችሁ። ማዳበሪያ ሲዘገይ ወረዳው ድረስ ሄዳችሁ የምትጠይቁትን ያህል፣ «የአእምሮ ሕክምና ነርሳችን ለምን ተዛወረች? ማን ተተካ?» ብላችሁ ብትጠይቁ፣ መልስ መስጠት የማይገደድ ኃላፊ አይኖርም።

አዛውንቱን ገበሬና ልጃቸውን ከሆስፒታሉ በር አድርሰን ስንለያይ፣ ያሳሰባቸው የዚያን ቀን ሕክምና አልነበረም። ወረፋው እንደሚደርሳቸው፣ ልጃቸውም እንደሚታይ አምነዋል። «የዛሬውስ እሺ፤ የሚቀጥለውን ወር መድኃኒት ከየት ነው የምንወስደው? የቀረኝ አንድ በሬ ነው» ነበር ያሉን። ከመርካቶ እስከ ቆላው ቀበሌያቸው ያለው መንገድ በየወሩ የሚመላለሱበት ከሆነ፣ በጥቂት ወራት ውስጥ በሬውም መድኃኒቱም ያልቃሉ። ለዚህ ጥያቄ መልሱ በአማኑኤል ግቢ ውስጥ ብቻ አይገኝም፤ በየወረዳው ነው። አንድ ነርስ ተመርጣ፣ ሠልጥና፣ ተመልሳ፣ ቤት አግኝታ፣ መድኃኒት በመደርደሪያዋ ላይ ሞልቶ ስትቆይ የእኚህ አባት መንገድ የግማሽ ቀን ይሆናል፤ በሬያቸውም ከቀንበሩ አይወጣም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንዲሉ፣ አንድ ቤተሰብ ብቻውን ሲሸከመው የኖረውን ይህን ሸክም ማኅበሩ በሙሉ ቢያነሣው ይቀልላል። ስለሆነም በመጪው ስብሰባችሁ ከዘርና ከማዳበሪያው አጀንዳ ቀጥሎ ይህን አንድ ጥያቄ እንድታስገቡ እናሳስባለን፤ በእኛ ወረዳ ለአእምሮ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ አለ ወይ? ካለ፣ በሥራው ላይ ነው ወይ? ከሌለ፣ ማንን እንላክ?